ማጠብማ ማን ያቅተዋል? ለምንጣፍ እጥበት ሥራ የትኛውን ማሽን እንግዛ

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ከደሴ ነኝ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሷል፣ እኔም ጋቢዬን ለብሻለሁ። ጋቢውን ልብ በሉልኝማ፤ ለብርዱ ብቻ አይደለም፣ ቆይቶ ሥራ አለው።

የዛሬው ወሬያችን የምንጣፍ እጥበት ነው። ሥራውን ለመጀመር ምን ዓይነት ማሽን ይገዛ? ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ አንድ ሁለታችሁም ከሐይቅ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ «የትኛው ማሽን ነው አሪፍ የሚያጥበው?» ኧረ ማጠብማ ማን ያቅተዋል! ሳፋ፣ ኦሞ፣ ብሩሽ፣ ሁለት ጎረምሳ፤ አለቀ። እኔን «የትኛው ነው አሪፍ የሚጨምቀው?» ብላችሁ ጠይቁኝ።

የሚጨምቀው። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

እኔ የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ሥራውን ሞክሬው ነበር፣ ነሐሴ ላይ። አንዲት እናት 3 በ 4 የሆነ የሱፍ ምንጣፍ ሰጡኝ። ላቫጆ ወሰድኩት፣ በፓምፕ አስመታሁት፣ አጥር ላይ ሰቀልኩት። እስከ ሁለተኛው ቀን ይንጠባጠባል። በሦስተኛው ቀን ዘነበ። በአምስተኛው ቀን በቃ ደርቋል ብዬ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። እትዬ አጎንብሰው አሸተቱትና ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ምንጣፍ ሰጥቼህ በግ መለስክልኝ?» ምን እላለሁ? ብሩን አልተቀበልኩም፣ የባጃጁንም እኔው ከፈልኩ፣ ወጣሁ።

እሺ፣ አሁን ጋቢው።

[ጋቢውን አውልቄ ካሜራው ፊት እዘረጋለሁ]

ጋቢ ስንት ድርብ ነው? አራት። ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ አራት። ልጆች ሆነን እናቴ ጋቢ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ እኛንም ትነዳን ነበር። መንከሩ ምንም አይደል። ማሸቱንም እኛ ነን በእግራችን የምንረግጠው፤ እየተረጫጨን፣ እየተገፋፋን፣ ጨዋታ ነው። ግን ከውሃ የወጣ ጋቢ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? ሲገባ በአንድ እጅ የተያዘው ሲወጣ ሰው ይጎትታል! ያኔ ነው እናቴ «ና፣ ያዝ!» የምትለው። አንዱን ጫፍ ለእኔ፣ አንዱን ጫፍ ለራሷ፤ ፊት ለፊት ቆመን እንጠመዝዛለን።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር አለች። ፊት ለፊት ስትቆሙ ሁለታችሁም ወደየቀኛችሁ ነው የምታዞሩት። እኔ ግን የእሷን እጅ እያየሁ እሷ ወዳዞረችበት አዞር ነበር። ጋቢው ታዲያ ምን ይሆናል? ዝም ብሎ እንደ መዝለያ ገመድ ይሽከረከራል! አንዲት ጠብታ አይወጣውም። «ወደ ቀኝህ! ቀኝህን አታውቅም? የምትበላበትን!» ትለኛለች። ቀኜን ያወቅኩት በጋቢ ነው ብላችሁ አታምኑኝም።

በትክክል ስታዞሩት ግን፣ ያ ውሃ ሲወርድ ምን ይመስላል? አመድማ፣ ጭቃማ። እዩት እስቲ። ጋቢው በእግር ስትረግጡት የነጣ መስሏችሁ ነበር፣ ቆሻሻው ግን ገና ውስጡ ነው ያለው። ከጋቢው የሚወጣው ከውሃው ጋር ነው። ውሃውን ካላወጣችሁ ቆሻሻውን ቦታ ነው ያስቀየራችሁት። ሰነፍ ያጠበውን ጋቢ አይታችሁ እንደሆነ ታች ጥለቱ ጋ ቡናማ መስመር ይሠራል፤ ውሃው ቆሻሻውን ይዞ ወርዶ እዚያ ደርቆ ነው። ምንጣፍ ላይም ያው ነው። ያጠባችሁት ቀን ንጹህ፤ በሦስተኛው ቀን እድፉ ከታች ተስቦ ብቅ ይላል። ደንበኛው «አላጠብክም» ይላችኋል፤ እናንተ «ወላሂ አጥቤያለሁ» ትላላችሁ። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።

እና ምንጣፍን ማን ይጠምዝዘው? 3 በ 4 ምንጣፍ፣ ጀርባው በሙጫ የተለጠፈ፣ ርሶ? ለዚህ ነው ማሽኑ የተፈለገው። መርጫና መምጠጫ አንድ ላይ ያለው፣ በአንዱ ቱቦ ሞቅ ያለ ውሃ ረጭቶ በሌላው እዚያው መልሶ የሚመጠው። ያ ማሽን እናቴ ናት በሉ። ማሽኑ ስለ ቀኝ እጃችሁ አይሰድባችሁም እንጂ።

ጋቢ እስከ መጥመዝመዝ ደርሼላችኋለሁ፣ ሰብስክራይብ ማድረግ ይከብዳል? አይከብድም። አመሰግናለሁ።

[ጋቢውን መልሼ እለብሳለሁ]

ወደ ማሽኖቹ ልገባ ነበር፣ ግን አንድ ወንድማችን የጻፈልኝን ሳላነብላችሁ አላልፍም፤ ምክንያቱም ይህንኑ የሚሉኝ ብዙ ናችሁ። «የላቫጆ ፓምፕ አለኝ፣ 150 ባር ነው። አንተ የምታወራለት ማሽን 7 ባር ነው አሉ። 150 እና 7! ለምን ብሬን አባክናለሁ?»

ወንድሜ፣ አብሽር፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ትንንሾቹ ማሽኖች በዚያ አካባቢ ነው የሚረጩት። ግን ባር የሚነግርህ ውሃው ምን ያህል እንደሚገፋ ነው። መግፋት! 150 ባር ውሃውን ወዴት ይገፋዋል? ወደ ታች። ቆሻሻውንስ? ወደ ታች። የፋብሪካ ምንጣፍ ጀርባው ብዙውን ጊዜ ሁለት ጨርቅ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ጠጋ አድርገህ አንድ ቦታ ላይ ስታቆምበት ሙጫው ይለቅና ምንጣፉ ያብጣል። ደርቆም እብጠቱ አይመለስም። የሱፉ ፀጉር ደግሞ ተመንጭቆ በቦዩ ሲሄድ ታየዋለህ። እኔ አይቼዋለሁ፤ የእትዬ ምንጣፍ ቀለም በላቫጆው ቦይ ወርዶ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ።

ደግሞስ ወለል ላይ የተለጠፈውን ሞኬት ምን ልታደርገው ነው? የመስጊዱንስ? ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው መስጊዶቹን ካላሰበ ግማሹን ገበያ ትቶታል። የመስጊድ ምንጣፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው፣ አጥር ላይ አይሰቀልም። ጊዜህ ከዒሻ በኋላ ነው፤ ሱብሂ ላይ ሰው ግንባሩን ያሳርፍበታል። እዚያ 150 ባር ይዘህ ልትገባ ነው? ኢማሙ በዚያው ፓምፕ ያስወጡሃል!

ፓምፕ አይረባም አላልኩም፣ እንዳትሰድቡኝ። ስስ ምንጣፍ ከሆነ፣ ሙሉ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ፣ ተዳፋት ሲሚንቶ ካላችሁ፣ ራቅ አድርጋችሁ ለማለቅለቅ ጥሩ ነው። ለመጭመቅ ግን ከኋላው ማሽን ይፈልጋል፤ ያ ረጅም ከበሮ፣ ምንጣፉን ጠቅልላችሁ አስገብታችሁ በኃይል የሚያሽከረክረው። እሱ ጥሩ ነገር ነው። ግን ከበሮው ከምንጣፉ ወርድ ማጠር የለበትም፣ ባለ ሦስት ፌዝ መብራት የሚጠይቀውም ብዙ ነው፣ ቤትም ይፈልጋል። በሁለተኛ ዓመታችሁ ተመለሱበት።

«ስቲም ማሽን» የምትሉም አላችሁ። አብዛኛው ስቲም አይደለም፣ ሙቅ ውሃ ነው። እውነተኛው እንፋሎት የሚተፋው ደግሞ ያላቅቃል እንጂ አይመጥም። ለመጅሊስ መቀመጫ ጥግ ጥግ ያገለግላል። እሺ፣ አለፍን።

አሁን ቁጥሮቹን ቶሎ ቶሎ። ዋትና አምፔር ታውቃላችሁ ብዬ ነው፤ የማታውቁ የኤሌክትሪኩን ቪዲዮ እዩት፣ ቻናሉ ላይ አለ።

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ማሽን ለ 120 ቮልት፣ ለ 60 ኸርዝ የተሠራ ነው። አንድ ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ላይ ካርቶኑን ቀዶ እንደ ወረደ ሰካው፤ ለሁለት ሴኮንድ ያህል በዓለም ላይ ያለ ኃይለኛ ማሽን የእሱ ነበር። ከዚያ ጭስ።

16 አምፔር ሶኬት በ 220 ሲባዛ 3,520 ዋት። ሁለት የመምጠጫ ሞተር እያንዳንዱ 1,100 ቢሆን 2,200። ፓምፑን ጨምሩ። ላዩ ላይ 1,500 ዋት ማሞቂያ ካለው? ብሬከሩ ወደቀ። እትዬ ጓዳ ምጣድ ጥደው ከሆነማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃችኋል። ስለዚህ ማሞቂያ የሌለውን ግዙ፣ ውሃውን ለብቻ አሙቁና ጨምሩ። ኤክስቴንሽኑ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሁን፣ ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግላል። ኧርዝ ያለው ይሁን። ውሃና መብራት ነው የያዛችሁት!

መምጠጥ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ ውሃን ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚስብ፣ አንዱ በደቂቃ ምን ያህል አየር እንደሚያሳልፍ። ሁለቱንም ጠይቁ። ሻጩ ዋት ብቻ ከነገራችሁ የሚያውቀው ካርቶኑን ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፣ ይህን ማንም አይነግራችሁም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቫኪዩም ደግሞ የሚሠራው በአየሩ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመሳብ አቅም ደሴ ሲደርስ ሩቡን ያህል መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው። ጦሳን ሽቅብ ስትወጡ የሚያለከልካችሁ ነገር ማሽኑንም ያለከልከዋል። ጄኔሬተርም እንዲሁ፤ 5 ኪሎዋት የሚለው ቤንዚን ጄኔሬተር እዚህ 4 እንኳ አይሞላም። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ስለሆነች ትሻላለች፣ ግን እሷም አምስት እጅ ላይ አንዱን ትወስዳለች። ለዚህ ነው አንድ ሞተር ያለውን ትንሹን አትግዙ የምላችሁ። ለሌላ ከተማ ይበቃ ይሆናል፤ ለደሴ ሁለት ሞተር።

እኔ ዛሬ ደሴ ላይ ብጀምር ምን እገዛለሁ? መጀመሪያ የደረቅ አቧራ ቫኪዩም። ምንጣፍ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር አቧራና አሸዋ ነው፤ ሳታወጡት ውሃ ካፈሰሳችሁበት ጭቃ አቦካችሁ። ከዚያ ያን ባለ ሁለት ሞተር ማሽን፣ ባጃጅ ውስጥ የሚገባ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ የባጃጁን በር ለኩ፣ እየቀለድኩ አይደለም። ሦስተኛ፣ ገበሬ ጀርባው ላይ የሚያዝለው ባለ 16 ሊትር መርጫ፣ ሳሙናውን ቀድሞ ለመርጨት። አዲስ ይሁን! ፀረ-ተባይ የነበረበትን አጥቤ እጠቀማለሁ እንዳትሉ፣ ሕፃን ይድህበታል። አራተኛ፣ ሁለት ወለል ላይ የሚቀመጡ ትልልቅ ማራገቢያዎች፤ ማሽኑ ከመጠጠ በኋላም እርጥበት ይቀራል፣ በተለይ ሱፉ ላይ። የሚሽከረከር ብሩሽ ማሽኑ ይቆይ፣ የእጅ ብሩሽ ይበቃችኋል።

በረኪና ከዕቃችሁ ውስጥ አውጡ። ከሱፍ ምንጣፍ አንድ ክር መዝዛችሁ በረኪና ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ክሩን ፈልጉት። የለም። ቀለሙን ብቻ መስሏችሁ ነበር? ሱፉን ራሱን ነው የሚያሟሟው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ሒሳባችሁ ሌላ ነው። ሞቃት ናት፣ ፀሐይ አለ፣ ሜዳው አለ። እዚያ ጥሩ የብረት መስቀያና ተዳፋት ሲሚንቶ ካላችሁ ከማራገቢያው በፊት እሱ ይቅደም። እንዲያውም አንድ ሐሳብ ልስጣችሁ፦ ክረምት ላይ የደሴን ምንጣፍ በአይሱዙ ጭኖ የሐረጎን ቁልቁለት ማውረድ፣ ኮምቦልቻ ማድረቅ። 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እስካሁን የሠራበት አላየሁም፤ ከሠራችሁበት ምሳ ትጋብዙኛላችሁ።

ዋጋ አልጠራም። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ የጠራሁበት ቪዲዮ ሁሉ በወሩ አሰድቦኛል።

የመጨረሻው፣ ሱቅ ውስጥ የምታደርጉት። ቁራጭ ምንጣፍና አንድ ሊትር ሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ። ማሽኑ ይሰካ። ሃይላንዱን ምንጣፉ ላይ አፍስሱ፣ ሦስቴ ምጠጡ፣ ታንከሩን ወደ ሃይላንዱ መልሳችሁ ገልብጡ። የት ድረስ ሞላ? አንገቱ አካባቢ ከደረሰ ዋጋ መከራከር ጀምሩ። ግማሽ ላይ ከቀረ ቀሪው ግማሽ ምንጣፉ ውስጥ ነው፣ ነሐሴ ላይ እትዬ ያሸቱታል።

ሻጩ «ሱቄን አታርጥብብኝ» ካለ? ያኔ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሱቁን የሚያረጥብ ማሽን መሆኑን ከማንም በፊት ያወቀው እሱ ነው። ቻው!