ማንቂያው ሲደርስ ተረኛው ማን ነው?

የተከበራችሁ የሥነ ፈለክ ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የሒሳብና የኦዲት ሪፖርቱ ከሻይ በኋላ ይቀርባል። እኔ የተሰጠችኝን ጥቂት ደቂቃ ለጋማ ጨረር ፍንዳታ፣ ማለትም ከጠፈር በድንገት መጥቶ ቶሎ ለሚጠፋ ኃይለኛ የጨረር ብልጭታ ላውላት።

ነገሩ የተጀመረው በስለላ ነው። አሜሪካ በድብቅ የሚደረግ የኒውክሌር ሙከራን ለመከታተል ቬላ የተባሉ ሳተላይቶችን አመጠቀች። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1967 ቦምብ የማይመስል ብልጭታ መዘገቡ። ወሬው ይፋ የሆነው በ1973 ነው። ብልጭታው ቶሎ ስለሚጠፋ ከየት እንደመጣ ለዓመታት አከራከረ። ክርክሩን የፈታው ፍንዳታው ትቶት የሚሄደው ቀሪ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ቤፖሳክስ የተባለው ሳተላይት የአንዱን ፍንዳታ ቦታ በሰዓታት ውስጥ ጠቆመ። ቴሌስኮፖች ወደዚያው ዞሩ፤ እየደከመች ያለች ነጥብም ተገኘች። በዚያው ዓመት የሌላ ፍንዳታ ርቀት ሲለካ በቢሊዮን የብርሃን ዓመታት የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ።

ረዘም ያሉት ፍንዳታዎች በአብዛኛው የግዙፍ ኮከብ ሞት ናቸው። እምብርቱ ተደርምሶ ጥቁር ጉድጓድ ሲሆን የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስ ምንም ያልቀረው የቁስ ጅረት ይፈናጠራል። ጅረቱ በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ሲላተም የሚወጣው ነው ቀሪው ብርሃን። ይህ ብርሃን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ከፍንዳታው 1 ሰዓት በኋላ የነበረው ድምቀት በ10ኛው ሰዓት በደፈናው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ ዘግይቶ ከሚደርስ ትልቅ ቴሌስኮፕ ቀድሞ የደረሰ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የደቡብ አፍሪካው አማተር የሰማይ ተመልካች በርቶ ሞናርድ በራሱ ቴሌስኮፕ የአንዱን ፍንዳታ ቀሪ ብርሃን ያገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰማይ ልምጣ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2008 ላይ አንድ ፍንዳታ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በዓይን ሊታይ የሚችል ደረጃ ደርሶ ነበር፤ ብርሃኑ የተጓዘው 7.5 ቢሊዮን ዓመት ነው። እኛ ጋ ግን ከጠዋቱ 3:12 ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ ምን ይደረጋል!

መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን ነገሩ ሌላ ነው። እስከዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ ደማቁ ፍንዳታ ከቀኑ 10:17 ላይ ደረሰ። ስዊፍት ሳተላይት ወደ 11:10 ገደማ ቦታውን ጠቆመ። አቅጣጫው ፍኖተ ሐሊብ ላይ ስለዋለ መጀመሪያ እዚሁ የራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያለ ነገር መስሎ ነበር። ጀምበር ጠልቃ ሲጨልም ቦታው ለአዲስ አበባ ከአናት በላይ ማለት ይቻላል። ጨረቃዋ ሙሉ ስለነበረች ማወኳ አይቀርም፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ግን ለደህና አማተር ቴሌስኮፕና ካሜራ ከአቅም በላይ አልነበረም። በዚያ ሰዓት ቺሊ ላይ እኩለ ቀን ነው፤ የዚያ ትልልቅ ቴሌስኮፖች ምንም ማድረግ አይችሉም።

የእኛ ቦታ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምንርቅ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። የጎደለን ተረኛ ነው።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚቆይ የሌሊት ተራ እንዲጀመር ሐሳብ ያቀርባል። ክረምቱን ለደመናው ትተነዋል። ተረኛው ሳተላይት ፍንዳታ ማየቱን የሚገልጸው ማንቂያ ስልኩ ላይ ሲደርሰው ተነስቶ ቦታውን በተከታታይ ያነሳል፣ ፎቶዎቹን ይደራርባል፣ ከድሮው የሰማይ ፎቶ ጎን አስቀምጦ አዲስ ነጥብ ይፈልጋል። ሰዓቱን በሰከንድ ይጻፍልን፤ ያለ ሰዓት የመጣ ፎቶ ለግድግዳ ነው የሚሆነው። ምንም ካልታየም «እስከዚህ ድምቀት ድረስ የለም» ብሎ ይላክ፤ እሱም ለተመራማሪዎች መረጃ ነው።

ባለትዳሮች መጀመሪያ ቤት አስፈቅዱ እንጂ ኋላ በእኔ እንዳታሳብቡ። የስም መመዝገቢያው ወረቀት ከኋላ በኩል ጀምሮ እየዞረ ነው። ዋና ጸሐፊያችን፣ እባክህ የጥቅምትን ተራ አንብብልን።