ስፓሪንግ ላይ ብትጎዱ ማን ይከፍላል? የአደጋ መድን ለማርሻል አርት ሰልጣኞች

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ሞጣ ያላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ርግጫ አናወራም። ዛሬ ስለ መድን ነው። ቆይ፣ ቆይ፣ አትዝጉት! ኪክ ቦክሲንግ፣ ሳንዳ፣ ኪዮኩሺን፣ ቴኳንዶ የምትሠሩ በሙሉ፣ ከርግጫው በፊት ይሄን ማወቅ አለባችሁ።

ጥያቄው አንድ ነው። ስፓሪንግ ላይ፣ ማለትም ከጓደኛችሁ ጋር ገጥማችሁ ስትለማመዱ፣ እጃችሁ ቢሰበር ማን ይከፍላል?

መድን እንዲገባችሁ እድርን አስቡ። በየወሩ ትከፍላላችሁ። ዘንድሮ ሐዘን ያልደረሰበት ለደረሰበት አዋጣ ማለት ነው። ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይመጣል፣ ብረት ድስቱ ይመጣል፣ ገንዘቡም ይሰጣል። እስከዚህ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ወደ ደንቡ እንምጣ። ያቺ ጸሐፊው ቤት በላስቲክ ተጠቅልላ የተቀመጠችው፣ ማኅተም ያረፈባት መተዳደሪያ ደንብ። ማን አንብቧታል? ማንም! ለአባት፣ ለእናት፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ ይህን ያህል ትላለች። ለወንድምና ለእህት ቀነስ ታደርጋለች። እንግዲህ ያሳደገቻችሁ አክስት አረፈች እንበል። ለእናንተ እናት ናት። ሰፈሩም እንደ እናታችሁ ነው የሚያውቃት። ጸሐፊው ግን ደንቧን ይገልጣል፣ በጣቱ መስመር በመስመር ይወርዳል፣ ከዚያ ቀና ብሎ "አክስት የለችበትም" ይላል። ዳኛው ያዝናሉ፣ ጎረቤት ያዝናል፣ ደንብ ግን ደንብ ነው። ክፋት አይደለም። መጀመሪያ ስትገቡ "ያሳደገችኝ አክስት አለችኝ፣ እንደ እናት ትመዝገብልኝ" ብትሉ ኖሮ ሊመዘግቧት ይችሉ ነበር። ከቀብር በኋላ ግን የሚመዘግብ የለም።

ገባችሁ? ስፓሪንግ ማለት አክስቲቱ ናት። ስትገቡ ካላስመዘገባችኋት ሲደርስ የለችበትም።

አሁን ቴክኒካዊውን ነገር ቶሎ ቶሎ እንበለው። የምትፈልጉት ውል "የግል አደጋ መድን" ይባላል። ብዙውን ጊዜ አራት ነገር ይይዛል፤ ሞት፣ ቋሚ የአካል ጉዳት፣ ለጊዜው ከሥራ መስተጓጎል፣ የሕክምና ወጪ። ቋሚ ጉዳት በመቶኛ ነው የሚሰላው። የ200,000 ብር ሽፋን ገዝታችሁ ጉዳቱ 10 በመቶ ከተባለ 20,000 ብር ታገኛላችሁ ማለት ነው። ሕክምና የራሱ ጣሪያ አለው። አደጋ የሚባለው ድንገት የደረሰ ነው፤ ለዓመታት ቀስ እያለ የመጣ የጉልበት ሕመም አይገባም። "የማይሸፍናቸው" የሚለው ገጽ ላይ ደግሞ ቦክስ፣ ትግል፣ እሽቅድምድም፣ ፕሮፌሽናል ስፖርት የሚሉ ቃላት በብዛት ይገኛሉ። እኛን የሚነካን እሱ ገጽ ነው። በቃ፣ አለፍን።

ወደ ኮሜንቶቹ ልሂድ፣ ምክንያቱም ባለፈው ቪዲዮ ሥር "ምን መድን ያስፈልጋል፣ የመታው ልጅ ያሳክማል እንጂ" የሚል መዓት አስተያየት ነው የተጻፈው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በሰፈር ጠብ ሰው የመታ ሰው ያሳክማል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል። ስፖርት ግን ጠብ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2068 ይሄንኑ ነው የሚናገረው። በስፖርት ጨዋታ መሐል አብሮት የሚጫወተውን ወይም ቆሞ የሚያየውን ሰው የጎዳ፣ ተንኮል ከሌለበት ወይም የጨዋታውን ደንብ ከባድ በሆነ ሁኔታ ካልጣሰ በቀር ኃላፊ አይሆንም። ስለዚህ በደንቡ መሠረት የተሰነዘረች ርግጫ ክንዳችሁን ብትሰብረው ጓደኛችሁ በሕግ ዕዳ የለበትም። ማስተሩ "ቁም" ካለ በኋላ ሆን ብሎ ቢመታችሁ ሌላ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ሕጉ ልክ ነው ባይ ነኝ። ልጁ በእያንዳንዱ ርግጫ ስለ ዕዳ የሚያስብ ከሆነ ማንም ከማንም ጋር አይለማመድም። ደግሞስ ጓደኛችሁ ተማሪ ነው እንበል፣ ኪሱ ባዶ ነው። ማሳከም ቢፈልግስ በምን ያሳክማችሁ?

"የጤና መድን ካርድ አለኝ" ያላችሁም ብዙ ናችሁ። ካርዱ ጥሩ ነው፣ ያዙት፣ አሳድሱት። እንዲያውም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የኛው ደቡብ አቸፈር ነበረች። ግን ካርዱ የሚከፍለው ለሕክምና ነው። ማርቆስ የማውቀው አንድ ሰልጣኝ ባጃጅ ይነዳል። ርግጫ ሲከላከል እጁ አንጓው ላይ ተሰነጠቀ፣ ጄሶ ታሰረለት። ሕክምናው አልከበደውም። ግን በጄሶ እጅ መሪ አይያዝም፣ የባጃጁ ባለቤት ደግሞ የቀን ገቢውን ይፈልጋል። ሌላ ሹፌር ገባበት። የጤና ካርድ ለዚህ መልስ የለውም። "ለጊዜው ከሥራ መስተጓጎል" የምትለዋ መስመር ናት መልስ ያላት።

እሺ፣ እንዴት ይገኛል? የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ባሕር ዳርም ማርቆስም ቅርንጫፍ አለው፣ የግሎቹም አሉ። ገብታችሁ "የግል አደጋ" በሉ። ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። የምትሠሩትን ስፖርት በስሙ ጻፉት። በሳምንት ስንት ቀን፣ ምን መከላከያ እንደምትለብሱ፣ ጭንቅላት መምታት እንደሚፈቀድ ወይም እንደማይፈቀድ፣ ልምምድ ብቻ ነው ወይስ ውድድርም አለበት፣ ሁሉንም ጻፉ። "ጂም እሠራለሁ" ብላችሁ እንዳታልፉ! የንግድ ሕጋችን ሆን ብሎ የደበቀን ሰው ውል ዋጋ ያሳጣዋል። ዓረቦናችሁን እየከፈላችሁ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

ኤጀንቱ "ችግር የለም፣ ይሸፍናል" ቢላችሁ አመስግኑትና በጽሑፍ ጠይቁት። ውሉ ላይ "በአሰልጣኝ ክትትል የሚደረግ ፉል ኮንታክት ልምምድና ስፓሪንግ ተካቷል" የሚል ተጨማሪ ስምምነት፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት። ፉል ኮንታክት ማለት ምቱ በእውነት የሚያርፍበት ማለት ነው። ዓረቦኑ ከፍ ሊል ይችላል፣ ይበል። "ዋና መሥሪያ ቤት እንጠይቅ" ካሉም ይጠይቁ፣ ጠብቁ። እምቢ ካሉ ቀጣዩ ቢሮ ሂዱ።

ለብቻ ከመሄድ ግን በክለብ መሄድ ይሻላል። የቡድን ውል የሚባል አለ፣ የሰልጣኞች ስም ዝርዝር ተያይዞ የሚገባ። አንድ ልጅ ብቻውን ቢሮ ሲገባና ማስተሩ የሠላሳ ልጅ ዝርዝር ይዞ ሲገባ መስተንግዶው አንድ አይደለም። ማስተሮች፣ ወርኃዊ ክፍያ ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ይሄን አድርጉ። ቀበቶ ከማሰር እኩል የእናንተ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ ልጅ ሲመጣም ከመጀመሪያው ስፓሪንግ በፊት ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይግባ።

አንድ ነገር ስለ ወጌሻ። ወጌሻ አከብራለሁ፣ እጃቸው የተባረከ አሉ። ግን ካሳ ስትጠይቁ የሚፈለገው ፈቃድ ካለው ጤና ተቋም የመጣ የሕክምና ማስረጃና ዋናው ደረሰኝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ራጅ፣ ወረቀት። ለመድን ድርጅቱም ቶሎ አሳውቁ፤ የማሳወቂያው ቀን ገደብ ውሉ ላይ አለ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ለማስተራችሁም ይሄን ቪዲዮ ላኩለት። ለክለባችሁ ስፓሪንግ የተካተተበት ውል ያላችሁ ደግሞ የሰዎቹን ስም ሸፍናችሁ የዛችን አንቀጽ ፎቶ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ቪዲዮ አጻጻፏን መስመር በመስመር እናያታለን።