መርፌውን ከመያዛችሁ በፊት

ክቡራን መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የሙያ መንገዳችሁን ለመምረጥ እዚህ የተሰበሰባችሁ ወጣቶች፦

ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ቁርጭምጭሚቴ ሲወለም ያሹኝ የሰፈራችን ወጌሻ ነበሩ። አያቴም ትከሻቸው ሲከብዳቸው ዋገምት ይታገሙ ነበር። ስለዚህ በኋላ ቻይና ሄጄ አኩፓንክቸር፣ ማለትም የሰውነትን የተወሰኑ ነጥቦች በቀጭን መርፌ እየወጉ ማከምን፣ መማር ስጀምር፣ ሕመምን በእጅ ዳብሶ የመፈለግ ጥበብ እንግዳ አልሆነብኝም። እንግዳ የሆነብኝ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት የወጋነው ወረቀትና ጥጥ ነበር፤ ቀጥሎ የገዛ እግራችንን። ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት መርፌ ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ድፍን ስለሆነ መድኃኒት አይፈስበትም፤ ጣት ካልሠለጠነ ደግሞ ይታጠፋል። ሥፍራውን ሲያገኝ ታካሚው «ከበደኝ፣ ደነዘዘኝ» ይላል፤ ቻይናውያን ይህን ስሜት «ዴ ቺ» ይሉታል።

በዓለም ጤና ድርጅት መደበኛ ዝርዝር ውስጥ 361 ነጥቦች አሉ። እነርሱን መሸምደድ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ከእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ምን እንዳለ ማወቅ ነው። ከትከሻ አናት ሥር የሳንባ ጫፍ አለ፤ በግዴለሽነት ጠልቆ የገባ መርፌ ሳንባን በስቶ አየር በደረት ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ድርጅቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ባወጣው መመሪያ ሐኪም ላልሆነ ሠልጣኝ 2,500 ሰዓት የሚመክረው በከንቱ አይደለም። በሁለት ሳምንት አኩፓንክቸር አስተምሬ የምስክር ወረቀት እሰጣለሁ የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

አሁን የምነግራችሁን ስናገር ዛሬም ያመኛል። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቡና ጫኝ ወገባቸውን ይዘው መጡ። ሸክም ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ወጋኋቸው፤ ሕመሙም ጋብ አለላቸው። በአራተኛው ቀን ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ የጎድን አጥንታቸው ተቆጥሮ ታየኝ። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸው እንደሆነ የጠየቅኋቸው ገና ያኔ ነው። የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነበረባቸው። መድኃኒት ጀምረው ድነዋል። ነገር ግን የኔ መርፌ ሕመሙን እያስታገሰ በሽታውን ሸፍኖ አቆይቶባቸዋል። ለዚህ ነው አስቀድማችሁ ሕክምና፣ ነርሲንግ ወይም ፊዚዮቴራፒ ተማሩ የምላችሁ። እዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አጠገባችሁ ነው። መርፌው ይቆያችኋል።

ሌላው ነገር እውነት መናገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ የጀርመን ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 1,162 ሰዎች ተከታትሏል። በትክክለኛው ነጥብ ከተወጉት 47.6 በመቶው ተሻላቸው፤ ነጥብ ባልሆነ ቦታ ለይስሙላ ከተወጉት 44.2 በመቶው፤ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን 27.4 በመቶው ብቻ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ደጋግማችሁ ተመልከቱ። መወጋቱ እንደረዳ ያሳያሉ፤ የነጥቡ ሥፍራ ያን ያህል ለውጥ ማምጣቱን ግን አያሳዩም። እኔ ዕድሜዬን የሰጠሁት ለዚህ ሙያ ነው፤ ቢሆንም ይህን ከታካሚ አልደብቅም። ስኳርን፣ ካንሰርን፣ ወባን በመርፌ እፈውሳለሁ የሚል ሰው ባልደረባዬ አይደለም።

ሥራው የሚጠብቃችሁ ሰው ሞልቷል፦ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ቡና የምትለቅም እናት፣ አንገቱ የደረቀበት የባጃጅ ሾፌር፣ ራስ ምታት የማይለቃት መምህርት። ለእያንዳንዳቸው ከአንድ እሽግ የወጣ አዲስ መርፌ፣ የታጠበ እጅና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጆሮ ያስፈልጋቸዋል። አንዴ የተጠቀማችሁበትን መርፌ ለሁለተኛ ሰው ማዋል የጉበት ቫይረስን ከሰው ወደ ሰው ማሻገር ነው።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥጥ፣ የተጠቀለለ ወረቀትና ያልተከፈቱ መርፌዎች አስቀምጫለሁ። ለመሞከር የምትፈልጉ በወረቀቱ ጀምሩ፤ ስሜቱ ምን እንደሚመስል ለሚጠይቀኝ ደግሞ በገዛ እጄ ላይ ወግቼ አሳየዋለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።