ሮዝ አይላንድ ላይ መብራቱ ተመልሶ በራ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ አሮጌ ቤቶች ጥገና እንድናገር ነው። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ ነው። ቤቱ ያለው አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ግዛት ውስጥ፣ ከኒውፖርት ከተማ ማዶ በምትገኝ ሮዝ አይላንድ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ቤቱ በሌሊት ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ነው። የመብራት ማማ ሲባል ቶሎ የሚታየን ረጅም የድንጋይ ግንብ ነው። ይሄኛው ግን የእንጨት መኖሪያ ቤት ነው። ከጣሪያው በላይ አጭር ማማ ብቅ ብሎበታል። ሥራ የጀመረው በ1870 ሲሆን፣ የቆመውም በአሮጌ ወታደራዊ ምሽግ ጥግ ላይ ነው።

የመብራት ጠባቂነት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ጠባቂ ፀሐይ ስትጠልቅ ፋኖሱን ይለኩሳል። ሌሊት ተነስቶ የተቃጠለውን ክር ይቆርጣል። ክሩ ካልተስተካከለ ጭስ ይበዛል፣ መስታወቱ ጥላሸት ይለብሳል፣ መርከበኛውም መብራቱን ያጣዋል። ሲነጋ ደግሞ ሌንሱን ወልውሎ መጋረጃ ይዘጋል። የፍሬኔል ሌንስ ትንሽ እሳት ሰብስቦ ሩቅ የሚልክ ድንቅ መስታወት ነው። ግን የቀኑን ፀሐይም ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ቃጠሎ ሊያስነሳ ይችላል። ቻርልስ ከርቲስ የተባለው ጠባቂ እዚያች ደሴት ላይ ከ1887 እስከ 1918 ድረስ ኖሯል። ከነቤተሰቡ!

በ1969 የኒውፖርት ድልድይ ተከፈተ። ድልድዩ የራሱ መብራት ስላለው ማማው አላስፈለገም፤ ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ወና ቀረ። መስኮቱ ተሰባበረ፣ ያገኘ ሁሉ እየገባ አወደመው። ባለቤት የሌለው ቤት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

በ1984 የአካባቢው ሰዎች ተሰባስበው ቤቱን የሚያድን ማኅበር አቋቋሙ። ንብረቱ ወደ ኒውፖርት ከተማ ሲዛወር የጥገናውን ሥራ ማኅበሩ ተረከበ። ልጅ እያለ እዚያ የኖረ የከርቲስ የልጅ ልጅ ትዝታውም ክፍሎቹን እንደ ድሮው ለመመለስ ረዳ። በ1993 መብራቱ እንደገና በራ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ቀለም ቀብተው፣ ቆልፈው መሄድ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ሰው አስገቡበት። ምድር ቤቱ ሙዚየም ሆነ። ፎቅ ላይ ደግሞ እንግዶች ከፍለው ያድራሉ፤ አንዳንዶቹም ሳምንቱን እንደ ጠባቂ ሆነው ያሳልፋሉ። ቤት ይጠርጋሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ጎብኚ ያስተናግዳሉ። ውሃው ከጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ስለሆነ በቁጠባ ነው የሚጠቀሙት።

ይሄ ከጥገናው ሁሉ የበለጠ ብልህ ውሳኔ ይመስለኛል። የባሕር ጨው እንጨትን ይበላል፣ ቀለምን ያነሳል። ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ቶሎ የሚያየው እዚያው የሚያድር ሰው ነው።

ዛሬ የጥገና ዕቅድ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ። እባካችሁ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ቆርቆሮው ከመጻፋችሁ በፊት ሥራው ካለቀ በኋላ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚያድር ጻፉ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።