ሦስተኛው ገጽ

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃን ነዋሪዎች፣ ከመንዝም ከአንኮበርም ይህን ብርድ ችላችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት ከክሱ ጋር ስለሚያያይዘው የማስረጃ ዝርዝር ነው።

አንድ የመንዝ ገበሬ በጥምቀት ዕለት ሰው በዱላ መትተዋል ተብለው ተከሰሱ። እኔ ጋ ሲመጡ የክስ ወረቀታቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ከጋቢያቸው ሥር ነበር። «ልጄ፣ ያው ክስ ነው፣ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ከዚያ በፊት ማንም አላነበበላቸውም። ሦስተኛው ገጽ ላይ የሐኪም ማስረጃ አለ። ቀኑ በፈረንጅ ነው፤ ጃንዋሪ 17 ይላል። ጣቴን እየቆጠርኩ ወደ እኛ መለስኩት። ጥር 9! ጥምቀት ደግሞ ጥር 11 ነው። ተጎጂው ተመታ ከተባለ ሁለት ቀን ቀድሞ ቁስሉ ታክሞለታል። ሐኪሙ ቀርቦ ሲጠየቅ ቀኑን አረጋገጠ። ሰውየው መከላከያ ማቅረብ እንኳ ሳያስፈልጋቸው በነጻ ተሰናበቱ።

ያን ገጽ የማየት መብት የሰጣቸው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 20 ተከሳሽ ክሱን በጽሑፍ እንዲያገኝ፣ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ እንዲመለከት፣ ምስክሮቹንም እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጠበቃ መክፈል ለማይችልና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽም መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ስለዚህ ክስ ሲደርሳችሁ የምስክሮቹን ስም፣ የሰነዶቹን ኮፒ፣ ኤግዚቢት ተብሎ የተያዘውን ዕቃ ዝርዝር እዩ። የጎደለ ካለ እዚያው ችሎት ላይ አሳስቡ። ሳታነቡ የእምነት ክህደት ቃል፣ ማለትም «አድርጌአለሁ» ወይም «አላደረግሁም» የሚለውን መልስ፣ ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ጊዜ ጠይቁ። አንዳንድ ከባድ ጉዳዮች ላይ የምስክር ማንነት በምስክሮች ጥበቃ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 699/2003፣ ሊሸፈን ይችላል። በመንደር ጠብ ግን ይህ እምብዛም አይገጥማችሁም።

እኔን ዕንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። «የቀረበበትን» ይላል ሕጉ። ያልቀረበውስ? ፖሊስ ለተከሳሹ የሚጠቅም ቃል ተቀብሎ መዝገቡ ውስጥ ቢቀርስ? አሜሪካኖች ብሬዲ በሚባለው የፍርድ ቤት ጉዳይ በ1963 እ.ኤ.አ. ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሽ የሚጠቅመውን ማስረጃ መደበቅ የለበትም ብለው ወሰኑ። እኛ ጋ ያለው በር «ማስቀረብ» የምትለዋ ቃል ናት። አንቀጽ 20 ተከሳሽ የመከላከያ ማስረጃውን ማቅረብ ብቻ ሳይሆን በሌላ እጅ ያለውንም ማስቀረብ ይችላል ይላል። ወጣት ጠበቆች፣ እባካችሁ ይችን ቃል ተጠቀሙባት! የትኛው ሰነድ፣ የት ቢሮ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ለይታችሁ ጻፉ። «መዝገቡ ይምጣልን» ብቻ የሚል አቤቱታ ውድቅ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ክሳችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ ፌስታሉን ከዚህ እያየሁት ነው። እዚያ ጥግ ካለው ጠረጴዛ እጠብቃችኋለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አብረን እናንብበው።