በክምችት መዝገብ ላይ ያልሰፈረው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሥነ ምድር ተማሪዎች፣ እንግዶቻችን፤

የዓለም የዩራኒየም ክምችት ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ 6 ሚሊዮን ቶን ገደማ የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ከዚህ ከሩብ በላይ የሚሆነው አውስትራሊያ ውስጥ ነው፤ ካዛኪስታንና ካናዳ ይከተላሉ። በየዓመቱ ከሚመረተው ደግሞ 40 በመቶ ያህሉን የምታወጣው ካዛኪስታን ናት። ይህን ለፈተና አጥንታችሁታል። እኔ ግን ይህ መዝገብ ስለሚተወው ነገር ልናገር እፈልጋለሁ፤ ለዚህም የምወስዳችሁ ወደ ኒጀር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ግን ስለ ክምችት አንድ ነገር ላንሳ። ክምችት ማለት ከመሬት በታች ያለው ሁሉ አይደለም፤ በወቅቱ ዋጋ አውጥቶ መሸጥ የሚያዋጣው ብቻ ነው። በሰሜን ኒጀር ኢሙራረን የሚባል ስፍራ አለ፤ በአፍሪካ ከታወቁት ታላላቅ የዩራኒየም ሀብቶች አንዱ ነው። በ2011 በጃፓን የፉኩሺማ ኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ደርሶ የዩራኒየም ዋጋ ሲያሽቆለቁል፣ ማዕድኑን ለማውጣት የተጀመረው ዝግጅት ቆመ፤ በ2024 ደግሞ የኒጀር መንግሥት ስፍራውን ይዞ የነበረውን የፈረንሳይ ኩባንያ ፈቃድ ነጠቀ። ድንጋዩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ክምችቱን የሚያሳድገውም የሚያሳንሰውም ከሰሃራ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚወሰን ዋጋ ነው።

ከኢሙራረን ወደ ሰሜን አርሊት አለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው በዩራኒየም ምክንያት ነው። አንዱ ኩባንያ ሶማይር በ1971 ገላጣ ጉድጓድ ቆፍሮ ማምረት ጀመረ፤ ሁለተኛው ኮሚናክ በ1978 እዚያው አጠገብ አኩታ ላይ 250 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ በዋሻ ማውጣት ያዘ። እስከ 2021 በቆየው ሥራው ወደ 75 ሺህ ቶን ዩራኒየም አመረተ። ዩራኒየሙ ቢጫ ዱቄት ሆኖ በርሜል ውስጥ እየታሸገ፣ በጭነት መኪና በረሃውን አቋርጦ፣ ከቤኒን ወደብ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ይጓዝ ነበር። በፈረንሳይ ከሚመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ከኒውክሌር ነው። በኒጀር ግን ከአምስት ሰው አራቱ ያህል መብራት የለውም። የአርሊት ማዕድን ማውጫዎች ራሳቸው ኃይል ያገኙ የነበረው በአካባቢው የድንጋይ ከሰል ከሚያነድ ጣቢያ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ወፍጮው እንግባ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ድንጋዩ ይፈጫል፣ በሰልፈሪክ አሲድ ይታጠባል፣ ዩራኒየሙ ይሟሟና ተለይቶ ይወጣል። ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ጥቂት ኪሎ ግራም ብቻ ነው። የቀረው እርጥብ ደቃቅ አሸዋ ሆኖ ሜዳ ላይ ይከመራል፤ ዝቃጭ የምንለው ይህን ነው። ዩራኒየም ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት እየተለወጠ የወለዳቸው ቶሪየምና ራዲየም ግን ከእርሱ ጋር አይሄዱም፤ አሸዋው ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ዩራኒየሙ ከተወሰደ በኋላ እንኳ በዝቃጩ ውስጥ ከመጀመሪያው ጨረር 85 በመቶ ያህሉ አለ። ራዲየሙ በግማሽ ለመቀነስ 1 ሺህ 600 ዓመት ይፈጅበታል፤ ራዲየሙን እየወለደ የሚኖረው ቶሪየም ደግሞ ወደ 75 ሺህ ዓመት። ከራዲየሙ የሚወጣው ራዶን ሽታ የሌለው ጋዝ ነው፤ በትንፋሽ ገብቶ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ነፋስ በማያርፍበት በረሃ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አኩታ ላይ የተከመረው ዝቃጭ 20 ሚሊዮን ቶን ነው። በ2000ዎቹ ክሪራድ የተባለው የፈረንሳይ ነጻ ቤተ ሙከራ በአርሊትና በአጠገቧ ባለችው የማዕድን ከተማ በአኮካን ባደረገው ምርመራ ጨረር ያለበት ቁርጥራጭ ብረት ገበያ ላይ ሲሸጥ፣ ከማዕድን ማውጫው የተረፈ ድንጋይም ለመንገድ ሲውል አግኝቷል። ሰዎች ያልተነገራቸውን ነገር እንዴት ሊጠነቀቁት ይችላሉ? ብረት ለድሃ ቤተሰብ ሀብት ነው፤ በርና ድስት ይሆናል።

ማዕድን ማውጫው ሲዘጋ የታቀደው ክምሩን በሸክላና በድንጋይ መሸፈን ነበር፤ 10 ዓመት የሚፈጅ የማልበስ ሥራ፣ ከዚያም ቢያንስ 5 ዓመት ክትትል። አምስትን ዓመት ከቶሪየሙ ሰባ አምስት ሺህ ዓመት ጋር አስተያዩት።

አኩታ የመጀመሪያው አይደለም። ኮንጎ ውስጥ ሺንኮሎብዌ የተባለው ማዕድን ማውጫ ለሂሮሺማው ቦምብ አብዛኛውን ዩራኒየም እንዳቀረበ ይታወቃል። ቤልጂጎች አገሪቱን ከመልቀቃቸው በፊት ጉድጓዶቹን በኮንክሪት ደፈኑ። ችግር ያስገደዳቸው ሰዎች ግን ኮባልት ፍለጋ ተመልሰው ገቡ፤ በ2004 ዋሻው ተንዶ ስምንት ሰዎች ሞቱ።

ከእናንተ መካከል ነገ የክምችት ሪፖርት ላይ የሚፈርሙ አሉ። የምለምናችሁ ይህን ነው። ቶኑንና የማዕድኑን ጥራት በጻፋችሁበት ሰንጠረዥ ላይ የዝቃጩን መጠን፣ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ከሥሩ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ጨምሩ። ለመዝጊያው የሚያስፈልገው ገንዘብ ምርቱ ሳይጀመር በማን ስም፣ በየትኛው ባንክ እንደተቀመጠ ጠይቁ። አለቃችሁ ይህ የጂኦሎጂስት ሥራ አይደለም ሊላችሁ ይችላል። ቶሪየም ስንት ዘመን እንደሚቆይ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቀው ሰው እናንተ ከሆናችሁ ግን ሥራው የእናንተ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ አሁን እንነጋገር።