በጭቃ ጎጆ የታየው ኮሜዲ፦ «መልማዩ መኮንን» በሲድኒ

ሂሩት፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንወያየው አየርላንዳዊው ጆርጅ ፋርኳር በእንግሊዝኛ ስለጻፈው «መልማዩ መኮንን» ስለተባለው ኮሜዲ የመድረክ ታሪክ ነው። ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1706 በለንደኑ ድሩሪ ሌን ቲያትር ሲሆን፣ ባሕር ተሻግሮም በ1732 በኒው ዮርክ፣ በ1736 ደግሞ እዚያው አሜሪካ የቻርልስተኑ ዶክ ስትሪት ቲያትር ሲከፈት ቀርቧል። ዮናስ፣ አንተ ግን አብልጠህ የምታነሳው የሲድኒውን ዝግጅት ነው።

ዮናስ፦ አዎን፣ ምክንያቱም በሲድኒ የተጫወቱት ግዞተኞች ናቸው። ፍርደኞችንና ጠባቂዎቻቸውን የጫኑት 11 የእንግሊዝ መርከቦች አውስትራሊያ የደረሱት በጃንዋሪ 1788 ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ ጁን 4 ቀን 1789፣ የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ልደት ሲከበር፣ ከግዞተኞቹ ጥቂቶቹ ይህን ኮሜዲ እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። አገረ ገዥው አርተር ፊሊፕና መኮንኖቻቸው ጭምር 60 ሰዎች ተመለከቱት። የባሕር ወታደሮች መኮንን የነበረው ዋትኪን ቴንች እንደሚተርከው፣ ተውኔቱ የታየበትን የግዞተኞች የጭቃ ጎጆ ያስጌጡት ሦስት አራት ያርድ የሚሆን ቀለም የተቀባ ወረቀትና በጭቃው ግድግዳ ዙሪያ የተተከሉ አንድ ደርዘን ርካሽ ሻማዎች ብቻ ነበሩ።

ሂሩት፦ ወቅቱም የችግር ወቅት ነበር። ምግብ በራሽን ይሰፈር ነበር፤ በዚያው ዓመት በማርች ወር ከመንግሥት መጋዘን የሰረቁ ስድስት የባሕር ወታደሮች ተሰቅለዋል። ስለ ወታደር ምልመላ የሚያስቅ ተውኔት ከዚያ ቅጣት ሦስት ወር ሳይሞላ በዚያው ሰፈር መታየቱን ሳስብ፣ ተመልካቹ ምን ተሰምቶት ይሆን እላለሁ።

ዮናስ፦ የተውኔቱ ይዘት ጥያቄሽን ያጠነክረዋል። ፋርኳር ራሱ በሽሩዝበሪ ከተማ ወታደር የመለመለ መኮንን ስለነበር፣ የሚጽፈውን አሳምሮ ያውቀዋል። በተውኔቱ ውስጥ ሳጅን ካይት የተባለው መልማይ ጠንቋይ መስሎ ሰዎችን እያታለለ ለውትድርና ያስመዘግባል። በመጨረሻው ገቢር ደግሞ ዳኞች ተሰይመው፣ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው በግዴታ ለጦር እንዲሰጡ የሚፈቅደውን ሕግ ይተረጉማሉ። አንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሲቀርብ፣ ሥራው ከመሬት በታች ስለሆነ የሚታይ መተዳደሪያ የለውም ይባላል።

ሂሩት፦ በድሩሪ ሌን ይህ የቃላት ጨዋታ ነው። በሲድኒ ግን የዳኛውን ወንበር የያዘው ተዋናይ ራሱ ዳኛ ፊት ቆሞ የተፈረደበት፣ ወዶ ሳይሆን ተገዶ በመርከብ የተጫነ ሰው ነው፤ ከፊቱ ደግሞ አገረ ገዥው ተቀምጠዋል። እኔ ከዚህ ተውኔት ዝግጅቶች ሁሉ የጽሑፉን ስለት በሚገባ ያወጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዮናስ፦ ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት በርቶልት ብሬሽትም ያን ስለት ሳያይ አልቀረም። በ1955 በርሊን ውስጥ በርሊነር አንሳምብል ከተባለው የቲያትር ቡድኑ ጋር ተውኔቱን እንደገና ሲያዘጋጅ፣ ታሪኩን ወደ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘመን አዛውሮ፣ ምልምሎቹ ባሕር ተሻግረው እንዲዋጉ የሚላኩ አደረጋቸው። ሆኖም ያ የታላቅ ደራሲ ሥራ ነው፤ የእኔ ልብ ያለው ከጎጆው ነው።

ሂሩት፦ ከጎጆው ምሽት የጠፋብን ነገርም አለ።

ዮናስ፦ አለ፤ ዘወትር የሚቆጨኝም እርሱ ነው። ከተዋንያኑ አንዱ ለዚያ ምሽት መግቢያና መደምደሚያ ግጥም ጽፎ በመድረክ ላይ ተነቧል። ቴንች ግጥሞቹ የግዞተኞቹን ሁኔታና በዚያ ምድር ቲያትር የመታየቱን አዲስነት ደህና አድርገው እንደነኩ ይመሰክራል፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ለመግባት የሚበቁ አይደሉም ብሎ ተዋቸው፤ የጸሐፊውንም ስም አልነገረንም።